ማየት የተሳናቸውን በሚያገለግል ድርጅት የሥራ ቦታ ፖሊሲ አዘገጃጀት፦ ከትርጓሜ እስከ ሥራ ላይ ማዋል

ለዓይነ ስውራን አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት የሥራ ደንብ ሲያወጣ የተለመደው ስህተት ከሌላ መሥሪያ ቤት የተቀዳን ደንብ እንዳለ ወስዶ፣ መጨረሻ ላይ «ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኞች አስፈላጊው ድጋፍ ይደረጋል» የሚል አንድ አንቀጽ መጨመር ነው። ይህ አንቀጽ ችግር ሲመጣ ማንንም አያስገድድም። ማን ይደግፋል? በስንት ቀን? ከየትኛው በጀት? እምቢ ከተባለ ወዴት ይኬዳል? አንዱንም አይመልስም። ስለዚህ ከዚህ በታች በምንሄድበት ሁሉ መለኪያችን አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ድንጋጌ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ የሚለውን መናገር አለበት፤ ማየት የተሳነው ሠራተኛም ያንን ድንጋጌ ከሌላው ሠራተኛ ጋር በእኩል ቀን፣ በራሱ ማንበብ መቻል አለበት።

የሥራ ሰዓት፣ የዓመት ፈቃድ፣ የደመወዝ እርከንና የመሳሰሉት ከማንኛውም መሥሪያ ቤት የተለዩ ስላልሆኑ አንነካቸውም። የምናተኩረው ይህ ዓይነቱ ድርጅት ብቻ በሚገጥመው ጉዳይ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ አርቃቂዎቹና ረቂቁ

ከመጻፍ በፊት የአገሪቱን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ፣ አካል ጉዳተኞችን የሚመለከቱ ሕጎችን፣ ያለውን የሥራ ውልና የኅብረት ስምምነት ሰብስቡ። አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አባል ከሆነች፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀውን ይህን ስምምነት አንቀጽ 2፣ 9 እና 27 አጠገባችሁ አድርጉ፤ የመጀመሪያው ትርጓሜን፣ ሁለተኛው ተደራሽነትን፣ ሦስተኛው ሥራን ይመለከታሉ። ቀጥሎ በድርጅቱ ያሉትን የሥራ መደቦች በሙሉ ዘርዝሩ። የብሬል አራሚ፣ የእንቅስቃሴ አሠልጣኝ (በነጭ በትር መንቀሳቀስን የሚያስተምር)፣ ገንዘብ ያዥ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ሹፌር፣ ንብረት ጠባቂ፣ ጽዳት፤ እያንዳንዱ መደብ ፖሊሲው የሚፈተንበት የራሱ ቦታ አለው።

አርቃቂ ቡድኑ ከ5 እስከ 7 ሰው ቢሆን ይበቃል። ከነዚህ ውስጥ ግን ቢያንስ አንድ በብሬል የሚያነብ፣ አንድ በስክሪን ሪደር (በስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) የሚሠራና አንድ ከፊል እይታ ያለው ሠራተኛ ሊኖሩ ይገባል። አንዱ ሌላውን ሊተካ አይችልም። ብሬል አንባቢው በጣቱ መስመር በመስመር ይሄዳል። የስክሪን ሪደር ተጠቃሚው ከርዕስ ወደ ርዕስ እየዘለለ ይፈልጋል። ከፊል እይታ ያለው ሠራተኛ ደግሞ ጽሑፉን ስለሚያጎላ በአንድ ጊዜ የሚታየው የገጹ ቁራጭ ብቻ ነው፤ በቀኝ ጠርዝ የተቀመጠ ማስታወሻ ያመልጠዋል። የፋይናንስ ኃላፊውንም ከመጀመሪያው አስገቡ፤ በጀቱን በመጨረሻ ሲሰማ ሁሉንም ነገር «እንደ አቅም ሁኔታ» ብሎ ያላላዋል።

ረቂቁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተደራሽ ይሁን። በማይክሮሶፍት ወርድ ጻፉ፤ ርዕሶችን በማድመቅና በማተለቅ ብቻ ሳይሆን በፕሮግራሙ የርዕስ ስታይል ምልክት አድርጉባቸው፤ አለበለዚያ ስክሪን ሪደር እንደ ተራ መስመር ይወስዳቸዋል። ማሻሻያን በቀለም በማቅለም አታመልክቱ። ከሁሉ በላይ የገጽ ቁጥር እየጠቀሳችሁ አትጻፉ። አንድ የታተመ ገጽ ወደ ብሬል ሲገለበጥ ሦስት ገጽ ያህል ስለሚወስድ «ገጽ 7 ላይ እንደተመለከተው» የሚል ሐረግ ለብሬል አንባቢ ትርጉም የለውም። ሁሉም አንቀጽና ንዑስ አንቀጽ ቁጥር ይኑረው፤ ማጣቀሻውም «አንቀጽ 4.2» ይሁን።

በአማርኛ ለሚጻፍ ሰነድ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ከዩኒኮድ (የየቋንቋውን ፊደል በወጥ ቁጥር ከሚመዘግበው የኮምፒውተር ሥርዓት) በፊት በነበሩ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች የተተየበ ጽሑፍ ለዓይን ትክክለኛ አማርኛ ቢመስልም ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ ስክሪን ሪደር ትርጉም የሌለው ድምፅ ያወጣል። የድሮውን ደንብ ቀድታችሁ የምትሠሩ ከሆነ በዩኒኮድ እንደገና አስተይቡት።

ደረጃ 2፦ የትርጓሜ ክፍል

ብዙው ክርክር የሚያልቀው ወይም የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ከሌላው ክፍል ይልቅ ጊዜ ስጡት። «በዚህ ፖሊሲ ውስጥ የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር» ብላችሁ ከጀመራችሁ በኋላ የሚከተሉትን ቃላት በጥንቃቄ ተርጉሙ።

ማየት የተሳነው ሠራተኛ። እዚህ ላይ የሕክምና ቁጥር ማስገባት ይፈትናል። የዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ በተሻለው ዓይን ከ3/60 በታች የሆነን እይታ ዓይነ ስውርነት፣ ከ6/18 በታች ሆኖ እስከ 3/60 ያለውን መካከለኛና ከባድ የእይታ ጉዳት ይለዋል። 3/60 ማለት ሙሉ እይታ ያለው ሰው በ60 ሜትር የሚለየውን ይህ ሰው በ3 ሜትር ብቻ ሲለይ ነው። ቁጥሩ ለሐኪም ጠቃሚ ነው፤ ለሥራ ፖሊሲ ግን መግቢያ በር ሊሆን አይገባም ብለን እናምናለን። ምክንያቱም የፊደል ሰሌዳ ላይ ጥሩ ውጤት ያለው ሰው የእይታ ክልሉ ጠቦ በበሩ መቃን ሊጋጭ ይችላል። ግላኮማ ያለበት ሠራተኛ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ወረቀት እያነበበ ጎኑ የቆመውን ወንበር ላያይ ይችላል። ሬቲናይቲስ ፒግሜንቶሳ የተባለው የዓይን በሽታ ያለበት ቀን ያለ በትር ይራመድና ሲመሽ በትር ይይዛል። የዓይን ሞራ ያለበት ደግሞ በመስኮት አጠገብ ብርሃን ያጥበረብረዋል። እነዚህ ሰዎች «ሲፈልግ ያያል» በሚል ሐሜት ይጎዳሉ። ስለዚህ ትርጓሜው በሥራው ላይ ይመሥረት፦

«ማየት የተሳነው ሠራተኛ ማለት በእይታ ጉዳት ምክንያት ሥራውን በብሬል፣ በድምፅ፣ በጎላ ጽሑፍ፣ በነጭ በትር፣ በመሪ ውሻ ወይም በሌላ አማራጭ ዘዴ የሚያከናውን ሠራተኛ ሲሆን፣ እይታው እንደ ብርሃን፣ እንደ ሰዓት ወይም እንደ ድካም የሚለዋወጥን ሠራተኛ ይጨምራል።»

የሕክምና ማስረጃ የሚጠየቅበት ቦታ ካለ ይጠቀስ፤ ቋሚ ለሆነ ጉዳት ግን አንድ ጊዜ ከቀረበ በየዓመቱ እንዲታደስ አይጠየቅም የሚል ዓረፍተ ነገር ይጨመር።

ተደራሽ ቅጂ። «ሶፍት ኮፒ» ብሎ መተው አይበቃም፤ ስካን ተደርጎ በፒዲኤፍ የተላከ ደብዳቤ ለስክሪን ሪደር ባዶ ሥዕል ነው። ተደራሽ ቅጂ ማለት በስክሪን ሪደር የሚነበብ የጽሑፍ ፋይል፣ ወይም ብሬል፣ ወይም ቢያንስ በ18 ነጥብ የፊደል መጠን የታተመ ጽሑፍ፣ ወይም የድምፅ ቅጂ ሆኖ፣ ከእነዚህ ውስጥ ሠራተኛው ሲቀጠር የመረጠውና በግል ማኅደሩ የተመዘገበው ነው በሉ። የግዕዝ ፊደላት የሚለዩት በትናንሽ ቅጥያዎች ስለሆነ ለከፊል እይታ 20 ነጥብ ይሻላል። በጽሑፍና በመደቡ ቀለም መካከል ያለው ንጽጽርም ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይሁን፤ በነጭ ላይ የፈዘዘ ግራጫ ከዚህ በታች ነው።

በጽሑፍ ማሳወቅ። ይህ ቃል ሳይተረጎም ከቀረ ሌላው ሁሉ ይበላሻል። የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ማየት ለተሳነው ሠራተኛ አልተነገረም ማለት ነው። «ማስታወቂያ ደረሰ የሚባለው ተደራሽ ቅጂው ለሠራተኛው ከተላከበት ቀን ጀምሮ ነው፤ የይግባኝም ሆነ የመልስ ቀነ ገደብ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው» ብላችሁ ጻፉ። የዲሲፕሊን ክስ በወረቀት ተሰጥቶት መልስ የመስጫ 5 ቀኑ አንባቢ ሲፈልግ ያለቀበት ሠራተኛ እንዳይኖር የሚያደርገው ይህ ዓረፍተ ነገር ነው።

ፊርማ። ማየት የተሳነውን ሁሉ አሻራ ማስነሳት ሊወገድ የሚገባው ልማድ ነው። ሠራተኛው በእጅ ጽሑፍ በመፈረሚያ መምሪያ ካርድ፣ በኤሌክትሮኒክ ፊርማ ወይም በአሻራ ከመፈረም የፈለገውን ይመርጣል። የመፈረሚያ ካርዱ መሐሉ ላይ ለፊርማ የሚሆን ክፍተት የተቆረጠበት ከፕላስቲክ ወይም ከወፍራም ካርቶን የሚሠራ ነው፤ በየቢሮው አንድ ይቀመጥ። ከመፈረሙ በፊት ሰነዱ በተደራሽ ቅጂ እንዲደርሰው፣ ጮክ ብሎ የሚነበብለት ከሆነም የሚያነበው ሰው ከሰነዱ ጥቅም የሚያገኝ ወይም የውሉ ሌላኛ ወገን እንዳይሆን ደንግጉ።

ሰውን የምትጠሩበትንም ስም፣ «ዓይነ ስውር» ወይም «ማየት የተሳነው»፣ ሠራተኞቹን ጠይቃችሁ አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው በእሱ ጻፉ።

ደረጃ 3፦ ተመጣጣኝ ማመቻቸት

የፖሊሲው አከርካሪ ይህ ነው። ተመጣጣኝ ማመቻቸት ማለት ሠራተኛው ሥራውን ከሌሎች እኩል እንዲሠራ የሚደረግለት አስፈላጊና ተገቢ ማስተካከያ ነው። ከላይ የጠቀስነው ስምምነት በአንቀጽ 2 ተመጣጣኝ ማመቻቸትን መከልከል ራሱ አድልዎ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ ድንጋጌያችሁ የችሮታ ቋንቋ አይኑረው፤ «ሊፈቀድ ይችላል» ሳይሆን «ይደረጋል» ይባል።

ሂደቱን እንዲህ አስቀምጡት። ጥያቄው በቃልም በጽሑፍም ይቀርባል፤ ፎርም አለመሞላቱ ጥያቄውን አያስቀረውም። የቅርብ ኃላፊው በሰማበት ቀን ቀኑን መዝግቦ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ መቀበሉን ያረጋግጣል። በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ሠራተኛው፣ ኃላፊውና የሰው ኃይል ክፍል ተቀምጠው ይነጋገራሉ፤ ጥያቄው «ምን ትፈልጋለህ?» ብቻ ሳይሆን «የትኛው የሥራህ ክፍል ላይ ነው የምትቆመው?» የሚል ይሁን። ውሳኔው በ15 የሥራ ቀን ውስጥ በተደራሽ ቅጂ ይሰጣል። ዕቃ የሚገዛ ከሆነ ግዢው እስኪያልቅ ድረስ ጊዜያዊ መፍትሔ፣ ለምሳሌ በቀን የተወሰነ ሰዓት አንባቢ፣ ወዲያው ይመደባል። ካልተፈቀደ ምክንያቱ ተዘርዝሮ ይጻፋል፤ ይግባኙ የሚቀርበው ውሳኔውን ላልሰጠ ሰው ነው። ቀናቱን እንደ ድርጅታችሁ መጠን ማስተካከል ይቻላል፤ ያለ ቀን መተው ግን አይቻልም።

ሁለት ቦታ ላይ አጥብቃችሁ ቁሙ። አንደኛው በጀት ነው። ወጪው ከእያንዳንዱ የሥራ ክፍል በጀት የሚወጣ ከሆነ የክፍል ኃላፊው ማየት የተሳነው ሰው መቅጠር የራሱን በጀት እንደሚቀንስበት ያውቃል፤ ሳይናገር ይሸሻል። ስለዚህ ወጪው በማዕከል ከተያዘ ርዕስ ይሸፈን። «ያልተመጣጠነ ሸክም» የሚለው መከላከያም (ማመቻቸቱ ከአቅማችን በላይ ነው የሚለው ምክንያት) የሚለካው ከአንድ ክፍል ሳይሆን ከመላው ድርጅት አቅም አንጻር መሆኑ ይጻፍ።

ሁለተኛው የመሣሪያ ጉዳይ ነው። ስክሪን ሪደር (ነፃ የሆነው ኤንቪዲኤ ወይም በፈቃድ የሚገዛው ጆውስ)፣ ብሬል ዲስፕሌይ (የስክሪኑን ጽሑፍ በሚነሱ ነጥቦች በብሬል የሚያወጣ መሣሪያ)፣ ስካነር፣ ማጉያ፣ የጠረጴዛ መብራት የማን እንደሆኑ፣ ሠራተኛው ሲዛወር አብረውት መሄድ አለመሄዳቸው፣ ማን እንደሚያስጠግን ይጻፍ። የእኛ ምክር ሠራተኛው ባለበት ድርጅት ውስጥ ወዴትም ቢዛወር መሣሪያው ይከተለው የሚል ነው። ብሬል ዲስፕሌይ ነጥቦቹ በአቧራና በጣት ቅባት እየተያዙ መነሳት ያቆማሉ፤ ጥገናው ወደ አምራቹ መላክ የሚጠይቅ ከሆነ ሳምንታት ይወስዳል። በዚያ መሐል ሠራተኛው ያለ ሥራ ተቀመጠ እንዳይባል ተለዋጭ መሣሪያ ወይም የአንባቢ ሰዓት በድንጋጌው ይጠቀስ። ዓመታዊ የሶፍትዌር ፈቃድ ማደሻ ቀንም የአንድ የታወቀ ባለሙያ ኃላፊነት ይሁን፤ ፈቃዱ ያለቀበት ቀን ሠራተኛው ኮምፒውተሩን ከፍቶ ምንም ድምፅ አይሰማም።

ደረጃ 4፦ አንባቢና የሥራ ረዳት

አንባቢ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በግልጽ ካልተጻፈ ሥራው ለጸሐፊዋ ወይም ለተላላኪው በትርፍ ሰዓት ይጣላል፤ ያ ደግሞ ሥራ በበዛበት ቀን አንባቢ የለም ማለት ነው። የአንባቢው የሥራ መዘርዝር እንዲህ ይበል፦ የተሰጠውን ጽሑፍ በቅደም ተከተል፣ ሳያሳጥር፣ የራሱን አስተያየት ሳይጨምር ያነባል፤ ማኅተም፣ ፊርማ፣ ፎቶግራፍ፣ በእጅ የተጻፈ የጎን ማስታወሻ ሲያገኝ ይናገራል፤ ስለ ሥራው ውሳኔ አይሰጥም፤ የሰማውንና ያነበበውን ለማንም አይናገርም። ሰንጠረዥ ሲያነብ በመጀመሪያ የዓምዶቹን ርዕስ ይናገራል፤ ከዚያ በረድፍ ይሄዳል። «ዋናው ሐሳቡ ይሄ ነው» ብሎ የሚያልፍ አንባቢ በተግባር ሥራውን ከባለቤቱ ነጥቆ እየሠራው ነው።

ኃላፊነት ላይም ግልጽ ሁኑ። በአንባቢው የተሳሳተ ንባብ ምክንያት ስህተት ከተፈጠረ ሠራተኛው በቂ ማጣራት አድርጎ እንደሆነ ይታያል እንጂ በቀጥታ በእሱ ላይ አይወድቅም። ገንዘብ የሚቆጠርበት መደብ ላይ የኖት መለያ መሣሪያ ይኑር፤ ርክክቡ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ባለበት ይሁን። ይህ ደንብ ለሚያየውም ገንዘብ ያዥ እኩል ይሥራ፤ ለአንዱ ብቻ ከተጻፈ ጥርጣሬን በደንብ ማስፈር ነው።

ደረጃ 5፦ ምስጢር መጠበቅ

ተራው የምስጢር አንቀጽ «የተገልጋዩን መረጃ ለሦስተኛ ወገን አይገልጽም» ብሎ ያበቃል። እዚህ ግን ምስጢር የሚወጣው በሌላ በር ነው።

ዋናው በር ድምፅ ነው። ተገልጋዩ ፎርም ራሱ ስለማይሞላ እንግዳ ተቀባይዋ በአዳራሽ መሐል «ዕድሜ? የጋብቻ ሁኔታ? ሌላ በሽታ አለብዎት?» እያለች ትጠይቃለች፤ ተገልጋዩም ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማው ይመልሳል። ማን አጠገቡ እንዳለ ላያውቅም ይችላል። ድንጋጌው፦ የግል መረጃ በር ባለው ክፍል ብቻ ይጠየቃል፤ ሠራተኛው ከመጀመሩ በፊት በክፍሉ ውስጥ ያሉትን ሰዎች በሙሉ ለተገልጋዩ በስም ይናገራል። ተመሳሳዩ ጉዳይ በሠራተኛው ዴስክም አለ። ስክሪን ሪደር በድምፅ ማጉያ ተከፍቶ የተገልጋይን ማኅደር ካነበበ ክፍሉ ሁሉ ሰማ ማለት ነው፤ ስለዚህ የጆሮ ማዳመጫ መጠቀም ግዴታ ይሁን፣ ማዳመጫውንም ድርጅቱ ይግዛ። አንድ ጆሮ ክፍት የሚተው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ ሠራተኛው በር ሲከፈት ወይም ማስጠንቀቂያ ሲደወል መስማት አለበት።

ከኋላ ቆሞ ስክሪን የሚያነብን ሰው ማየት የተሳነው ሠራተኛ አያውቀውም። ኤንቪዲኤም ሆነ የአፕሉ ቮይስኦቨር ስክሪኑን ሙሉ በሙሉ የሚያጠቁር መጋረጃ አላቸው፤ ሲበራ ሥራው በድምፅ ይቀጥላል፣ ከውጭ ግን የሚታይ ነገር የለም። የግል ማኅደር በሚከፈትበት ጊዜ ይህ እንዲበራ አዝዙ፤ ለሠራተኛውም እንዴት እንደሚበራ አሳዩት።

የብሬል ወረቀት ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ የሚጣለው «ማን ያነበዋል» በሚል ነው። እዚህ ግቢ ውስጥ የሚያነበው ብዙ ነው። እንደ ማንኛውም ምስጢራዊ ወረቀት ይወገድ። ወፍራም ስለሆነ በቢሮ መቆራረጫ ማሽን ብዙ ቅጠል በአንድ ጊዜ ማስገባት ማሽኑን ያንቃል፤ አንድ ወይም ሁለት እያደረጋችሁ አስገቡ።

የተገልጋይን የባንክ የምስጢር ቁጥር መያዝ፣ ማስታወስ ወይም በእሱ ምትክ መጫን ለማንኛውም ሠራተኛ ፍጹም የተከለከለ ይሁን፤ ተገልጋዩ ራሱ ቢለምንም። ፎቶግራፍ ሲነሳም ፈቃድ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ ፎቶው ምን እንደሚያሳይና የት እንደሚወጣ ለተነሺው ይነገረው።

ደረጃ 6፦ መንካት፣ መምራትና ትንኮሳ

በዚህ ሥራ መነካካት አይቀርም። የእንቅስቃሴ አሠልጣኝ የበትር አያያዝን የሚያስተምረው እጅን ይዞ ነው። ለዚህ ነው ደንቡ ይበልጥ ዝርዝር መሆን ያለበት። አሠልጣኙ ከመንካቱ በፊት ምን እንደሚያደርግና የት እንደሚነካ ይናገራል፣ እሺታ ይጠብቃል። የተማሪውን እጅ ከላይ ይዞ ከማንቀሳቀስ ይልቅ ተማሪው በአሠልጣኙ እጅ ላይ እጁን አድርጎ እንዲከተል ቢደረግ ይመረጣል፤ ተማሪው በፈለገ ጊዜ እጁን ማንሳት ይችላልና።

ለሁሉም ሠራተኛ የሚሆነው የመምራት ደንብ አጭር ነው። ወደ ክፍል ሲገቡ ስምን መናገር፣ ሲወጡም መውጣትን መናገር። «ልርዳዎት?» ብሎ መጠየቅ፣ እምቢ ካሉ መተው። የሚመራው ሰው የመሪውን ክንድ ከክርን ከፍ ብሎ ይይዛል፣ መሪው ግማሽ እርምጃ ይቀድማል፤ ከኋላ መግፋት፣ በትሩን ይዞ መጎተት የተከለከለ ነው። ደረጃ ሲደርሱ ቆም ብሎ «ወደ ላይ» ወይም «ወደ ታች» ይባላል። ወንበር ሲያሳዩ እጁን የወንበሩ መደገፊያ ላይ ማድረስ እንጂ ትከሻን ተጭኖ ማስቀመጥ የለም። ቀበቶ የታሰረለትን መሪ ውሻ ማሻሸት፣ መጥራት ወይም ማብላት አይፈቀድም፤ ሥራ ላይ ነው።

የትንኮሳ ትርጓሜ ከጾታዊ ትንኮሳና ከስድብ ውጭ የሚከተሉትንም በስማቸው ይጥራ፦ ድምፅ ሳያሰሙ ክፍል ውስጥ ቆይቶ ሰውን መታዘብ ወይም ንግግሩን ማዳመጥ፣ በትርን ወይም መሣሪያን መደበቅ፣ ዕቃን ሆን ብሎ ከቦታው ማንቀሳቀስ፣ የተሳሳተ አቅጣጫ መንገር፣ ማን እንደሆነ ሳይናገር «እስቲ ማን ነኝ?» እያሉ መፈተን። የመጨረሻውን ብዙ ሰው እንደ ጨዋታ ያየዋል። በቀን ደጋግሞ ለሚገጥመው ሰው ግን ጨዋታ አይደለም፤ በደንቡ ውስጥ መጻፉ ያለ ጠብ ለማስቆም ይረዳል። ቅሬታ አቅራቢው ጥፋተኛውን በፊት ገጽታ መለየት ስለማይችል የድምፅ፣ የሰዓትና የቦታ ማስረጃ ተቀባይነት እንዳለው ይገለጽ።

ደረጃ 7፦ ግቢው፣ አደጋና ማስጠንቀቂያ

በሮች ወይ ሙሉ በሙሉ የተከፈቱ ወይ የተዘጉ ይሁኑ፤ ግማሽ የተከፈተ በር ጠርዙ ፊትን ይመታል፣ በትር ሁልጊዜ አይደርስበትም። ነጭ በትር የሚያገኘው መሬት አካባቢ ያለውን ነው፤ ስለዚህ ከወለል 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ በላይ ተሰቅሎ ወደ መተላለፊያው ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ የወጣ ነገር፣ የእሳት ማጥፊያም ሆነ የተከፈተ መስኮት፣ ይነሳ ወይም ከሥሩ በትር የሚያገኘው ነገር ይቀመጥለት። የክፍል ምልክት በብሬልና በሚዳሰስ ፊደል በእጀታው በኩል ባለው ግድግዳ፣ ከወለል 120 እስከ 150 ሳንቲ ሜትር ላይ ይለጠፍ እንጂ በሚወዛወዘው በር ላይ አይሁን። እርጥብ ወለል ላይ የሚቆመው ቢጫ ሰሌዳ ራሱ መሰናክል ነው፤ የጽዳት ሠራተኛው በቃልም ያስጠነቅቅ ወይም መግቢያውን ይዝጋ። የቢሮ ዕቃ አቀማመጥ ሲለወጥ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ በተደራሽ ቅጂ ይነገር፤ ለውጡ ከተደረገም በኋላ ሠራተኛው ክፍሉን እንዲዞርበት ጊዜ ይሰጠው።

ለአደጋ ጊዜ ለእያንዳንዱ ማየት የተሳነው ሠራተኛ አጋዥ ከነተጠባባቂው ይመደብ፤ አጋዡ ፈቃድ በወጣበት ቀን እሳት ሊነሳ ይችላል። ልምምዱ በዓመት ሁለት ጊዜ ይሁን፤ አንዱ የተለመደው መውጫ ተዘግቶ ይደረግ። መስማትም ማየትም የተሳነው ሠራተኛ ካለ ደወል አይበቃውም፣ የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ ያስፈልገዋል። መሰብሰቢያው ላይ ቆጠራ በስም ጥሪ ይሁን።

ደረጃ 8፦ ቅጥር፣ ምዘናና ግዢ

የሥራ መዘርዝሮችን አንድ በአንድ አንብቡና «የመንጃ ፈቃድ ያለው»፣ «ሙሉ ጤነኛ»፣ «የእጅ ጽሑፉ ያማረ» የሚሉትን አውጡ። የሚፈለገው መስክ መድረስ ከሆነ «ለመስክ ሥራ መጓዝ የሚችል» በሉ፤ እንዴት እንደሚጓዝ የማመቻቸት ጉዳይ ነው። የምዘና መስፈርት ለሁሉም እኩል ይሁን፤ መስፈርቱን ማሳነስ ውለታ አይደለም፣ እድገትን ይዘጋል። ነገር ግን ሲስተሙ በስክሪን ሪደር ስለማይሠራ የዘገየ ሥራ ከሠራተኛው ውጤት ላይ አይቀነስ።

ለዚህ ሥሩ ግዢ ነው። ማንኛውም ሶፍትዌር ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት በስክሪን ሪደር የሚሠራ ሠራተኛ በኪቦርድ ብቻ፣ ያለ ማውዝ፣ ዋና ሥራዎቹን እንዲሠራበት ይደረግ፦ መግባት፣ መዝገብ መፈለግ፣ መረጃ ማስገባት፣ ሪፖርት ማውጣት። የሻጩ «ተደራሽ ነው» የሚል ደብዳቤ ይህን አይተካም። የሚገኙ ጉድለቶች በስንት ቀን እንደሚስተካከሉ በውሉ ይግባ።

የጥቅም ግጭት አንቀጽም እዚህ የራሱ መልክ አለው። ማየት የተሳነው ሠራተኛ የድርጅቱ ተገልጋይም ሊሆን ይችላል። መሆን መብቱ ነው፤ የራሱን ማኅደር መክፈት፣ ለራሱ በትር ወይም ስልክ ለማግኘት ወረፋ መቅደም ግን አይችልም። ጉዳዩን ሌላ ባለሙያ ይይዘዋል፤ ሠራተኛ በመሆኑም የጤና መረጃው በባልደረቦቹ ዘንድ እንዳይዞር ማኅደሩ ለተወሰኑ ሰዎች ብቻ ክፍት ይሆናል።

ደረጃ 9፦ ማውጣትና መፈተን

ሁሉም ቅጂዎች በአንድ ቀን ይውጡ። የታተመው ዛሬ፣ ብሬሉ ከወር በኋላ ከወጣ የፖሊሲው ተፈጻሚነት የሚጀምረው ብሬሉ በወጣበት ቀን ይሁን፤ ይህን ራሱን በፖሊሲው ማስፈር ኃላፊዎቹን ያፈጥናል። ብሬሉ ከመባዛቱ በፊት አንድ ሰው ዋናውን ጮክ ብሎ እያነበበ ሌላው ብሬሉን በጣቱ እየተከተለ ይታረም፤ የገልባጭ ፕሮግራሞች ቁጥርና ምልክት ላይ ይሳሳታሉ፣ በፖሊሲ ውስጥ ደግሞ የአንድ ቁጥር ስህተት 15 ቀንን 5 ቀን ያደርጋል። ሰንጠረዦችን ወደ ዝርዝር ቀይሩ። በሽፋኑ ላይ የእትም ቁጥርና ቀን በብሬልም በሕትመትም ይኑር፤ አዲስ እትም ሲወጣ አሮጌው ብሬል ተሰብስቦ ይመለስ።

ከማጽደቃችሁ በፊት በረቂቁ ያልተሳተፉ ሦስት ሠራተኞች ጥሩ፤ አንዱ በብሬል፣ አንዱ በስክሪን ሪደር፣ አንዱ በጎላ ጽሑፍ የሚያነብ። ለሦስቱም አንድ ዓይነት አምስት ጥያቄ ስጡ፦ የማመቻቸት ጥያቄ በስንት ቀን ይመለሳል? ይግባኝ ለማን ነው? አንባቢዬ ቢቀር ምን አደርጋለሁ? መሣሪያዬ ቢበላሽ ለማን እደውላለሁ? የክስ ደብዳቤ በወረቀት ቢሰጠኝ ቀኑ መቼ ይጀምራል? መልሱን ከፖሊሲው ውስጥ ያለ ማንም እርዳታ ይፈልጉ። በትክክል መልሰው ግን ለማግኘት ብዙ ከደከሙ ችግሩ ርዕሶቹ ላይ ነው፤ ርዕሱን ሠራተኛው በሚጠይቅበት ቋንቋ ቀይሩት። ሦስቱ የተለያየ መልስ ከሰጡ ችግሩ ድንጋጌው ላይ ነውና ወደ አርቃቂዎቹ ይመለስ። በተለይ ስለ ቀን ቆጠራ የሚሰጡት መልስ ከተለያየ አታጽድቁት። ከጸደቀ ከስድስት ወር በኋላ የማመቻቸት መዝገቡን ክፈቱና ስንት ጥያቄ እንደቀረበ፣ ስንቱ በቀኑ እንደተመለሰ ቁጠሩ። ምንም ጥያቄ ካልተመዘገበ ሁሉም ተሟልቶላቸዋል ብላችሁ አትደምድሙ፤ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ጠይቁ፤ የቃል ጥያቄዎች ሳይመዘገቡ ቀርተው ይሆናል።